ስሙኒ ስትበላ የነበረችው ሣጥን

ይሄ ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ዳታም ጊዜም ይበላል። ግን "ቅዳሜና እሑድ የት ነው የምትጠፋው?" እያላችሁ ሦስት ወር ሙሉ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱ እሱው ነው። ጁክ ቦክስ እየጠገንኩ ነበር።

ጁክ ቦክስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ታናናሾቼ (ተማሪዎቼም ይሄን ገጽ እንደምታዩ አውቃለሁ) ፍሪጅ የሚያህል ሣጥን አስቡ። ፊቱ መስታወት ነው፤ ውስጡ የሙዚቃ ሸክላዎች ተደርድረዋል። ሳንቲም ታጎርሱታላችሁ፣ የዘፈኑን ፊደልና ቁጥር ትጫናላችሁ፣ አንድ የብረት ክንድ ሄዶ ያንኑ ሸክላ ለይቶ ያነሳና መርፌው ሥር ያስቀምጠዋል። ከዚያ ቡና ቤቱ በሙሉ ይሰማል። አንዱ ይከፍላል፣ ሁሉም ይሰማል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ዲፕሎማዬ በፊዚክስ ነው፣ ክፍል ገብቼ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በቆራሌ ምክንያት ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ላፍቶ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር አንድ ቆራሌ ከአንድ ግቢ በር ላይ ቆሞ ከቤቱ የልጅ ልጅ ጋር ዋጋ ይከራከራል። ክርክሩ በኪሎ ነው። ቀረብ ብዬ ሳይ፣ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ከጓሮ እየተገፋ ወጥቷል፤ በሸራው ቀዳዳ በኩል የተደረደሩ ቁልፎች ይታያሉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ... እግሬ እዚያው ቀጥ አለ። እማማን (የቤቱን ባለቤት ነው፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ ሰፈሩ በሙሉ ግን ያውቃቸዋል) "እማማ፣ ይሄ እኮ ጁክ ቦክስ ነው!" ብላቸው፣ "ነበር" አሉኝ። "አሁንማ ሬሳ ነው ልጄ። ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልንገባ ነው። ሬሳ ተሸክሜ ደረጃ ልውጣ?"

እዚያው በር ላይ ተዋዋልን። ቤቱን እስኪለቁ ድረስ ካናገርኩት ይዘውት ይሄዳሉ፤ ካላናገርኩት ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል። ቆራሌውም ውሉን ሰምቶ "እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። ያን ቀን እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። በሕይወቴ የጠገንኩት የጎረቤት ቴፕና የትምህርት ቤት ደወል ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሶኬት ላይ አለመሰካት ነው። ብዙ አሮጌ ዕቃ የሚሞተው ለዓመታት ተቀምጦ አይደለም፤ "እስቲ ይሠራ እንደሆነ" ተብሎ በተሰካባት ደቂቃ ነው። የድሮ አምፕሊፋየር ባለ ቫልቭ ነው፤ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞራል። ካፓሲተሮቹ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ተቀምጠው ውስጣቸው ደርቋል። በአንዴ 220 ቮልት ብትለቁባቸው ካፓሲተሩ ይፈነዳል፣ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል፣ ያኔ በእርግጥም ሬሳ ይሆናል። በዚያ ላይ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ጉልበት ይዞ ይቆያል። ተማሪዎቼ፣ ይቺን ለፈተና ሳይሆን ለነፍሳችሁ ያዙልኝ።

ስለዚህ ካቻቢቴ ይዤ ከጀርባው መፍታት ጀመርኩ። ግራሶው ሰም ሆኗል። ያ ሸክላ የሚያነሳው ክንድ ከሐዲዱ ጋር ተጣብቆ በእጅ እንኳን አይነቃነቅም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ብቻ ነበር ሥራዬ። በሦስተኛው ቅዳሜ የሳንቲም ሣጥኑን ከፈትኩት።

ውስጡ አሥራ አንድ ስሙኒ አለ።

ሁሉም የጃንሆይ ናቸው። እነዚያ ዳራቸው እንደ አበባ የተሸበሸበው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው ስሙኒ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጃቸውን አንስተው የሚታዩበት ክብ ሳንቲም፣ አንድም የለም። በጃንሆይ ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዓመት ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይቀየር 1936 እያለ ስለታተመ ሳንቲሙ መቼ እንደተሠራ አይነግራችሁም። ሣጥኑ ግን መቼ እንደቆመ ይነግራችኋል። አዲሱ ስሙኒ ገበያ ሲገባ ይቺ ማሽን መብላት አቁማለች ማለት ነው። እማማ "ዓመቱን አላስታውስም" ያሉኝን ነገር ሳንቲሞቹ ነገሩኝ።

ስለዚች ስሙኒ አንድ ነገር ላንሳ፣ ከርዕሴ ብወጣም። መጀመሪያ ስትወጣ ዳሯ ልሙጥ ክብ ነበር። ነገር ግን ብልጦች መዳቧን ብር ቀብተው ሽልንግ ነው እያሉ ያሳልፏት ጀመር፤ ያኔ ሽልንጉ (50 ሳንቲሙ) ብር ነበራ። መንግሥት ሰብስቦ ዳሯን አሸበሸበና መልሶ ለቀቃት። የዚህች ማሽን የሳንቲም አፍ ደግሞ የተሠራው ለአሜሪካ ሩብ ዶላር ነው፤ የኛ ስሙኒ ከሱ ትንሽ ሰፋ ትላለች። አፉን በደንብ ብታዩት በሞረድ ተሞርዷል። የሞረዱ ጭረት ዛሬም ይታያል። ውስጥ ደግሞ ሐሰተኛ ሳንቲም እንዳያልፍ በስፋት፣ በክብደትና በማግኔት የሚፈትሽ መሣሪያ ነበረው፤ እሱ የኛን መዳብ "ሐሰተኛ ነው" ብሎ ይመልስ እንደነበር ግልጽ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሙሉውን ነቅሎ በቦታው በእጅ የተጠፈጠፈ የቆርቆሮ ቦይ ተክሎበታል። ንጹሕ ሥራ ነው። ያን ሰው ባውቀው ቡና እጋብዘው ነበር።

እማማ እንደሚሉት ማሽኗ በጭነት መኪና የመጣችው ከአሥመራ ነው። የገዙት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ውቤ በረሃ ቡና ቤት ነበራቸው፣ እማማ ሒሳብ ተቀባይ ነበሩ። አሥመራ ደግሞ ያኔ ቃኘው ጣቢያ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበረበት፤ ወታደሮቹ ከነሙዚቃቸው፣ ከነሬዲዮ ጣቢያቸው ነው የኖሩት። ማሽኗ ከዚያ ትውጣ አትውጣ አልምልም።

አሁን ስለ ሸክላ። ጁክ ቦክስ ያለ ሸክላ ቁም ሣጥን ነው።

በሳንቲም የሚያጫውተው የመጀመሪያው ማሽን ሥራ የጀመረው ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ መሸታ ቤት በፈረንጆቹ ኅዳር 23 ቀን 1889 ነው። ሉዊስ ግላስ የሚባል ሰው የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ሳንቲም መብላት አስተማረው። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው፤ ሁለቱን ቀኖች ብታስተያዩ ልዩነታቸው 20 ቀን ነው። ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። እኛ ለድምፅ መሣሪያ እንግዳ ሆነን የቆየን የሚመስለን ሰዎች ስላለን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ለምኒልክ ላኩ፤ ምኒልክና ጣይቱም በድምፅ መልሰውላቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን የመኪና ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ሰደዷቸው። ተሰማ መኪናውንም ተማሩ፣ በርሊን ላይም ዘፈንና ቅኔያቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። ለመካኒክነት ሄዶ ዘፋኝ ሆኖ መመለስ! (የኳስ ወዳጆች፦ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው።)

"ሸክላ" የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ዘመን ነው። የድሮው ዲስክ ፕላስቲክ አይደለም፤ ሼላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ይሠራ ነበር፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ምጣድ ይሰበራል። ሼላክና ሸክላ መመሳሰላቸው ክፍል ውስጥ ተማሪ ለማሳቅ ይጠቅመኛል፤ እኔ ግን ስሙን ያወጣለት መሰበሩ ይመስለኛል።

የኛ ሰፈርም ከድምፅ ጋር ዝምድና አለው። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ከሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያው ነው። ሽቦ የሌለው፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ። የአቃቂው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ሲሆን የሀገር ፍቅር ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው።

ሀገር ፍቅርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከጣሊያን በኋላ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዘፋኞቹም ቢሆኑ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ስለዚህ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ በባንድ ድምፅ እየተናወጠች፣ ሸክላ ቤት ሄዳችሁ የምታገኙት በብዛት የውጭ ዘፈን ነበር። እማማም ይሄንኑ ነው የሚሉት፦ "መጀመሪያ ስትመጣ አማርኛ አታውቅም ነበር።" ሣጥኗን ማለታቸው ነው።

አማርኛ ያስተማራት አምሃ እሸቴ ነው። የሙዚቃ መደብር የነበረው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት። በፈረንጆቹ 1969 ድንጋጌውን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ቀርጾ፣ ሕንድ አገር አሳትሞ ሸጠ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ "ትማርኪያለሽ" ነበር። ማስጠንቀቂያ ደርሶታል፤ ሸክላው ግን አንዴ ገበያ ገብቷል፣ ሰዉም እየገዛው ነው፣ ማን ይመልሰዋል? እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ ከ100 በላይ ባለ 45 ሸክላና 12 ያህል ኤል ፒ አወጣ። ፊሊፕስም ገባ፣ ካይፋም ተከተለ። በጠቅላላው እስከ 1978 ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ሸክላዎችና 30 ገደማ ኤል ፒዎች ታትመዋል። ይሄ ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ነው! ዛሬ "ኢትዮፒክስ" እየተባለ ፈረንጅ የሚሰማው ሲዲ መሠረቱ ይሄው ነው።

አሁን አስቡት። ባለ 45 ሸክላ የተሠራው ለጁክ ቦክስ የተመቸ ሆኖ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤት ነው ማጫወቻ የነበረው? ተማሪው፣ ሾፌሩ፣ ወታደሩ፣ ሊስትሮው አዲሱን የዓለማየሁን ዘፈን የት ነበር የሚሰማው? ሬዲዮ ካለ በሬዲዮ፤ ሌላው በስሙኒ ነው። እማማ ሲነግሩኝ፣ በር ላይ ቆመው ሌላ ሰው እስኪከፍል የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። አሻሻጮቹ ከራሳቸው ኪስ የሚከፍሉለት ዘፈን ነበረ። ተጣልተው የተለያዩ ሰዎች በዘፈን ይሰዳደቡ ነበር፤ አንዱ ይመርጣል፣ ሌላው ተነስቶ ስሙኒ ይከትና መልስ የሚሆነውን ይመርጣል። "ቡጢ ከሚሰነዝሩ ይሻላል ብለን እንተዋቸዋለን" አሉኝ።

ወደ ጥገናው ልመለስ። ካፓሲተሮቹን በሙሉ ቀየርኩ። የሚሆነውን ቮልት ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ግማሹን ከተጣሉ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይዎች ላይ ነው የፈታሁት። የዛጉ መገናኛዎችን በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በደብተር ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ አጸዳሁ (ብርጭቆ ወረቀት ስሱን የብር ልባጥ ይበላዋል)። ከዚያ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተበደርኩና፣ ከመስመሩ ላይ የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባሁ። ይሄ የድሃ ሰው መድን ነው። ማሽኑ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ጉልበቱን እሱ ይውጠዋል፤ ዕቃው ይተርፋል። ደህና ከሆነ አምፖሉ አንዴ በርቶ ይደበዝዛል።

በርቶ ደበዘዘ። ቫልቮቹ ብርቱካንማ ሆነው ቀስ ብለው ጋሙ። መብራቶቹ መጡ። የልጅ ልጃቸው ጮኸ። እማማ ምንም አላሉም፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከሸክላዎቻቸው ውስጥ (አሥራ አራት ቀርተዋል፣ ሦስቱ በፀሐይ ተጣመዋል) "ትማርኪያለሽ"ን መረጡ። ክንዱ እየተንገራገጨ ሄደ፣ አነሳ፣ አስቀመጠ። ዘፈኑ ጀመረ። ሁላችንም አጨበጨብን። እማማ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ይሄ እሱ አይደለም።"

"እሱ ነው እማማ፣ ሸክላው ላይ ተጽፏል እኮ።"

"ተጽፎ ይሆናል። ድምፁ ግን የሱ አይደለም። ይሄ የታመመ ሰው ነው።"

እርጅና ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይቅር ይበለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ነው ያፈርኩት፤ ፊዚክስ አስተማሪው እኔ ነኝ፣ መልሱን ያወቁት እሳቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ መብራት 110 ቮልት ብቻ አይደለም፣ ፍሪኩዌንሲውም 60 ነው። የኛ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነት ደግሞ የሚከተለው ፍሪኩዌንሲውን ነው። 45 ሲባዛ በ50፣ ሲካፈል ለ60፦ 37.5። በማግስቱ ሸክላው ላይ ወረቀት ለጥፌ በሰዓት ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 37 ዙር ከምናምን። የሦስት ደቂቃው ዘፈን ሦስት ከግማሽ ደቂቃ አልፏል፣ ድምፁም ሦስት ኖታ ያህል ወርዷል። እማማ ሃምሳ ዓመት ያልሰሙትን ድምፅ ሦስት ኖታ መውረዱን አወቁ።

ግን ያኔስ? ያኔ ቡና ቤቱ ውስጥ በትክክል ይጫወት ነበር እያሉኝ ነው። መብራቱ ያኔም 50 ነበር። ሞተሩን ነቅዬ ዘንጉን በማጉሊያ መስታወት አየሁት። ጫፉ ላይ አንድ ቀለበት ለዓመታት ተቀምጦበት የነበረ የሚያብረቀርቅ መስመር አለ፤ አጠገቡ የማጥበቂያ ብሎን የቆረቆረው ትንሽ ጉድጓድ አለ። ያ የሳንቲም አፍ የሞረደው ሰው (ወይ ሌላ እንደሱ ያለ) ይሄንንም ስሌት ሠርቶት ነበር። ዘንጉን ሃያ በመቶ አወፍሮ፣ ቀርፋፋውን የኛን መብራት አካክሶታል። ዲፕሎማ ይኑረው አይኑረው፣ ቀመሩን ገብቶታል። እዚህ ከተማ ውስጥ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ማሽን ስሙኒ የሚያስጎርስ፣ በ50 ፍሪኩዌንሲ የሚያዘፍን ባለሙያ ነበር። ስለ ዘፋኞቹ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሰው ያነበብኩት የለም።

ቀለበቱ ጠፍቷል። ዘንጉ 7.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1.2 ሲባዛ 9.5። አንድ ቶርኖ ቤት ሄጄ በናስ አስቀረጽኩ። የመጀመሪያው መሃሉን ስቶ ስለነበር ድምፁ እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ነበር፤ ገንዘቤ ቀረ። ሁለተኛውን ሌላ ቦታ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጠው አዩትና "ምንድን ነው የሚያዞረው?" አሉኝ። "ሸክላ" አልኳቸው። ማሽኑን አቁመው ለሃያ ደቂቃ ስለ ወጣትነታቸው አወሩኝ፣ ከዚያ ሳይከፈላቸው ሠሩት።

እንግዲህ ይቺ ማሽን ለምን ዝም አለች? እዚህ ገጽ ላይ በየሳምንቱ "ወርቃማውን ዘመን ካሴት ገደለው"፣ "ደርግ ሙዚቃን አጠፋው" የሚል አያለሁ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ሣጥኗን ከፍቼ ሳይ አንድም የተቃጠለ፣ የተሰበረ ዋና ክፍል አላገኘሁም። ተበላሽታ አልቆመችም። ደህና ሆና ነው የቆመችው፣ ከዚያ ቆማ ነው የተበላሸችው።

አብዮቱ ሲመጣ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ሰዓቱ ወጣ ገባ እያለ እስከ ደርግ መጨረሻ ቆየ። ትልልቅ ሆቴሎች መላ ነበራቸው። ሂልተን እነ ዋልያስ ባንድ ሲጫወቱ እንግዳው ከሰዓት እላፊ በፊት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ሲነጋ ይወጣል። ሙዚቃው አልጠፋም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሂልተን ማደር የሚችል ሰው ሰማው። ጁክ ቦክስ ግን ሂልተን አይገባም። የሱ ደንበኛ ከሥራ ወጥቶ በእግሩ መጥቶ፣ ሁለት ስሙኒ አጥፍቶ በእግሩ የሚመለስ ሰው ነው። ያ ሰው ማታ ከቤቱ መውጣት አቆመ። ቀጥሎ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/67 ታወጀ። የእማማ እህት ቡና ቤቱን ያኔ አጡት። ማሽኗ በጋሪ ተጭና ወደዚህ ግቢ የመጣችው በዚያው ክረምት ነው። ሳንቲሞቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ካሴት የደረሰው ቀብሩ ላይ ነው ባይ ነኝ። (ካሴትን በፈረንጆቹ 1963 የፈለሰፈው ፊሊፕስ፣ እዚህ አገር ሸክላ ያሳትም የነበረውም ፊሊፕስ፤ ነጋዴ መሆን ነው።) ካሴት ርካሽ ነው፣ ይገለበጣል፣ ታክሲ ውስጥ ይገባል፤ ክፉ አልናገረውም፣ እኔም ያደግኩት በካሴት ነው። ግን ቡና ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተቀየረ። ቴፑ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ምን እንደሚከፈት የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በጁክ ቦክስ ጊዜ የሚወስነው ስሙኒ ያለው ነበር፤ ሊስትሮም ቢሆን ስሙኒው ከገባ ለሦስት ደቂቃ ቤቱ የሱ ነው። ያ የሦስት ደቂቃ ሥልጣን ተመልሶ አልመጣም።

አምሃ አሜሪካ ተሰደደ፣ ኋላ ተመለሰ። አምሃም ዓለማየሁም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ነው።

ባለፈው እሑድ አዲሱን ቀለበት አስገብቼ ቆጠርኩ፤ 45። አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ። እማማ ሳይነገራቸው ከቤት ወጡ። ከአሥራ አንዱ ስሙኒ አንዱን ሰጠኋቸው፣ አፉ ውስጥ ከተቱት፣ በዚያ በቆርቆሮው ቦይ ተንሿሾ ሲወርድ ሰማን። ቁልፉን ሳያዩ ነው የተጫኑት። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ፤ ወንበር ብናቀርብ እምቢ አሉ። ሲያልቅ "እሱ ነው" አሉ። ከዚያ "ደግሞ ስሙኒ የለህም?" አሉኝ።

አሁን ያለንበት፦ የመያዣ ጎማው ስለደረቀ በየዙሩ ዱብ ዱብ ይላል፤ ፊቱን ፈግፍጌ ቀንሶልኛል፣ አልጠፋም። ሞተሩ በ50 ፍሪኩዌንሲ ከሚገባው በላይ ስለሚግል ከሦስት ዘፈን በላይ አናስኬደውም። ትልቁ ችግር መርፌው ነው። ከነመያዣው አርጅቷል፤ እንዲህ ዓይነት የድሮ መያዣዎች ውስጣቸው ካለው ጨው መሰል ክሪስታል የተነሳ እርጥበት ይገድላቸዋል፣ የአዲስ አበባን ሃምሳ ክረምት ደግሞ አስቡት። የደነዘ መርፌ ሸክላውን ስለሚበላ፣ ምትክ እስኪገኝ ድረስ እማማን በሳምንት አንድ ዘፈን ብቻ ፈቅደንላቸዋል። ይሰድቡኛል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፦ የሴራሚክ መርፌ መያዣ ያለው የተበላሸ የሸክላ ማጫወቻ ቤታችሁ ካለ፣ ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት ኢንቦክስ አድርጉልኝ። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጁክ ቦክስ ይጠግን የነበረ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁም እንደዚሁ። የናስ ቀለበት ስለሠራ ሰው ጠይቁልኝ። ቤቱ የሚለቀቀው ጥር መጨረሻ ላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ስምንት ጎረምሳ ከአሁኑ ተመዝግቧል። ቆራሌውም ትናንት አልፎ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ከረጢቱን አስቀምጦ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰምቶ ሄደ።